መምህሩ እጁን ያነሣ ቀን

ልብስ ሰፊ ነኝ። ነቀምቴ ገበያ ዳር፣ የሰው ሱቅ በረንዳ ላይ የስፌት መኪናዬን አስቀምጬ ስሠራ ነው ፀጉሬ የሸበተው። ፊደል የቆጠርሁት በመሠረተ ትምህርት ዘመን ነው። ያስተማረችን ልጅ በአማርኛ ስላስተማረችን እስከ ዛሬ የምጽፈው በአማርኛ ነው፤ ከባለቤቴና ከልጆቼ ጋር የምነጋገረው ደግሞ በኦሮምኛ። ስለዚህ ከዚህ በታች ሰው ሲናገር ስታነቡ፣ አብዛኛው በኦሮምኛ የተባለ መሆኑን ያዙልኝ። እንደሆነልኝ ነው ያዞርሁት።

ትልቋ ልጄ ያገባችው በኑኑ ቁምባ በኩል ገጠር ነው። ባሏ ደኅና ሰው ነው፤ በቆሎና ኑግ ያርሳል፣ ጥቂት ቀፎም አለው። አገሩ ለም ነው፣ ሰዉም ሰው ይወዳል። ያስቸገራቸው አንድ ወንዝ ብቻ ነው። በበጋ ልጆች ሱሪያቸውን ጠቅልለው ይሻገሩታል። ሰኔ ሲገባ ግን ደፍርሶ፣ ግንድ እያንከባለለ ይመጣል፤ ከዚያ በኋላ እስከ መስከረም ድረስ ማዶ ያለ ማዶ ይቀራል፣ ወዲህ ያለም ወዲህ። የልጄ ቤት፣ ትምህርት ቤቱና ቤተ ክርስቲያኑ ማዶ ናቸው። መኪና የሚገኝበት መንገድና ጤና ጣቢያው ወዲህ ናቸው።

ሰዉ በዚህ ብዙ ዘመን ስለኖረ ልጄም ለምዳው ነበር። ያልተለመደው ልጅ ከወለደች በኋላ ነው። የልጅ ልጄ ገና በእግሯ ሳትቆም የሚጥል በሽታ ያዛት። ሐኪሞቹ እግዚአብሔር ይስጣቸው፣ መድኃኒት አገኙላት። ክኒኑ ለሁለት ተከፍሎ ጠዋትና ማታ ከዋጠች እንደ ማንኛዋም ልጅ ትጫወታለች፤ ሲቋረጥባት ትወድቃለች። መድኃኒቱ የሚገኘው ነቀምቴ ነው። እጥረት ስላለ የሚሰጡት የወር የወሩን ነው፤ ለማንም ከዚያ አያስበልጡም። ስለዚህ በየወሩ እኔ እየተቀበልሁ እልካለሁ። በበጋ ለአውቶቡስ ረዳት እሰጠዋለሁ፣ አማቼ መንገድ ላይ ይቀበላል። በክረምት ግን ራሴ እስከ ወንዙ እወርዳለሁ።

ወንዙን የምናሻግረው በገመድ ነው። ማዶ ያሉት ጎረምሶች ድንጋይ ያሰሩበት ሲባጎ ይወረውራሉ፤ ወዲህ ያለው ሰው ይይዝና ወፍራሙን ገመድ ይስብበታል። መድኃኒቱ በፌስታል ተጠቅልሎ ትንሽ ጀሪካን ውስጥ ይገባል፣ ክዳኑ ይጠበቃል፣ ገመዱ ላይ ይታሰራል፣ ይጎተታል። ጨውም፣ ባትሪም፣ የሠርግ ጥሪም የሚሻገረው እንዲሁ ነው። ልጄ ሕፃኗን አዝላ ማዶ ትቆማለች፤ እኔም ወዲህ እቆማለሁ። የውሃው ድምፅ ስለሚበልጠን አንነጋገርም። ስልክ ብንደዋወል እንኳ አንሰማማም። ጀሪካኑ ሲደርስ ክዳኑን ከፍታ ታያለች፣ ከዚያ እጇን ወደ ላይ ታነሣልኛለች፤ ደረሰ ማለቷ ነው። እኔም ወደ ነቀምቴ እመለሳለሁ።

ይኸ ሲሆን ምርጫ መጣ። በምርጫ ቀን ሁለት ወረቀት ነው የሚሰጡን። አንደኛው አዲስ አበባ ለሚቀመጠው፣ ለአገሩ ሁሉ ምክር ቤት ነው፤ ሁለተኛው ለክልላችን ምክር ቤት። በኦሮምኛ ጨፌ እንለዋለን፤ ጨፌ ማለት ሰው ተቀምጦ የሚመክርበት ለምለም መስክ ነው። ሁለቱ በምን እንደሚለያዩ ለረጅም ጊዜ አልገባኝም ነበር። ሱሪ የማሳጥርለት አንድ የፍርድ ቤት ጸሐፊ፣ “ያኛው ለጦሩ፣ ለብሩ ኖት፣ ለትልቁ አስፋልት ነው። ይኼኛው ለትምህርት ቤታችሁ፣ ለጤና ጣቢያችሁ፣ ለገጠር መንገዳችሁ ነው፤ በጀቱን የሚያጸድቀው እሱ ነው” ብሎ አስረዳኝ። እንግዲያው የእኛ ነገር ያለው እዚህኛው ውስጥ ነው አልሁ።

በልጄ አገር በኩል ለክልሉ ምክር ቤት የቀረበው የዚያው ሰፈር መምህር ነበር። አማቼን ፊደል ያስቆጠረው እሱ ነው። ሁሉም ባርሲሳ ይለዋል፤ መምህር ማለት ነው። እሱ ራሱ አልተመኘውም። ፓርቲው ሕዝብ የሚወደው ሰው ሲፈልግ እሱን አገኘ፣ ሽማግሌዎቹም እንቢ እንዳይል ያዙት። አሸነፈ። ከመሄዱ በፊት እንደ ልማዳቸው ዋንዛው ሥር ተሰበሰቡ፤ እኔም ልጄ እዚያ ስላለች ተጠርቼ ሄድሁ።

የእነሱ ስብሰባ እንዴት እንደሆነ ካልተናገርሁ የኋላው ነገር አይገባም። እዚያ እጅ አይቆጠርም። እጁን ያነሣ ሰው ልናገር ማለቱ ነው። አንዱ ይናገራል፣ ሌላው ይመልስለታል፣ ያልተዋጠለት ካለ እስኪዋጥለት ይጠበቃል፤ ቀኑ ቢመሽ ለሌላ ቀን ይቀጠራል። በመጨረሻ “የቀረው አለ?” ተብሎ ይጠየቃል። ሁሉም ዝም ካለ አለቀ። ያለቀን ነገር ማንም ዳግመኛ አያነሣውም፤ በማግሥቱ ወደ ሥራው ይገባሉ። ደግሞ ሰው ሲልኩ ከአንድ ጉዳይ በላይ አያስይዙትም። የተላከውም ሲመለስ፣ ቤቱ ሳይገባ በቀጥታ ወደ ላኩት ሰዎች ይመጣል።

የሁሉ ታላቅ የሆኑት ሽማግሌ፣ “ባርሲሳ፣ መብራት አንፈልግም አንልም። ለአንተ የምናስይዝህ ግን የወንዙን ድልድይ ብቻ ነው” አሉት።

“ድልድዩን” አለ መምህሩ።

“ከተማ ገብተህ ብትረሳውስ?”

“ሰኔ ያስታውሰኛል።”

ሳቁ። ከዚያ መረቁት፤ እሳቸው አንድ አንድ ቃል ሲሉ ሰዉ “ሃ ታኡ፣ ሃ ታኡ” እያለ ይቀበል ነበር። ይሁን ማለት ነው። ልጄም ሕፃኗን ይዛ ከሴቶቹ ጋር ቆማ “ሃ ታኡ” ስትል ሰማኋት። ቀና ብላ አላየችኝም፤ ዓይኗን ጨፍና ነበር።

መምህሩ በማግሥቱ እኔ ዘንድ መጣ። ሳልባጅ ኮት ገዝቷል፤ ትከሻው ለሁለት ሰው ይበቃል።

“ይኼ ትከሻ ያንተ አይደለም” አልሁት።

“የፈረንጅ ነው፣ ኦቦ። ይቀንሱልኝ።”

“እዚያ ገብተህ ልትናገር ነው?”

“ለሌላ ምን እሄዳለሁ?”

“ስትናገር እጅህን ታወናጭፋለህ?”

“ጠመኔ ከያዝሁ።”

“እንግዲያው ብብቱንም ላላ ላድርግልህ። እንዲህ ያለ ኮት እጅ ሲያነሡ ይይዛል።”

በደንብ ሠራሁለት። ሂሳብ ሊከፍለኝ ሲል እንቢ አልሁ፤ እሱም አልተግደረደረም።

የመጀመሪያው ስብሰባቸው መንግሥት የሚመሠርቱበት ነበር፤ አፈ ጉባኤ መረጡ፣ ፕሬዚዳንቱን መረጡ፣ ካቢኔው ቀረበላቸው፣ ማሉ። ሽማግሌዎቹ ይህን አልተከታተሉትም። ገና ሰላምታ እየተለዋወጡ ነው አሉ። የካቲት ላይ ሁለተኛው ስብሰባ በቴሌቪዥን እንደሚተላለፍ ሲሰሙ ግን፣ የገበያ ቀንም ስለነበር፣ ሰባት ስምንት ሆነው ነቀምቴ ድረስ መጡ። ከእኔ በረንዳ ፊት ለፊት ሻይ ቤት አለ፤ እዚያ ይዣቸው ገባሁ። ወጣቶች ተቀምጠው ነበር።

“አባቶቼ፣ ኳስ ሊጀመር ነው” አለ አንዱ።

“ኳሱ ይቆይ ልጄ፣ ዛሬ የእኛም ሰው ይጫወታል” አሉት ታላቁ ሽማግሌ።

ባለ ሻይ ቤቷ ስቃ ጣቢያውን ቀየረችው። ትልቅ አዳራሽ ነው። ሰዉ በተርታ ተቀምጧል፣ በየፊቱ ማይክሮፎንና የታሸገ ውሃ አለ። እኔ መጀመሪያ ያየሁት ፊቱን አይደለም፣ ኮቱን ነው። “ያውና” አልሁ። ሁሉም ወንበራቸውን ሳቡ። የሚያነበው ሰው ብዙ አነበበ። ውጭ ባጃጅ ይንጫጫል፣ ውስጥ ብርጭቆ ይታጠባል፤ ተጨማሪ በጀት የሚለው ቃል ብቻ እየተደጋገመ ይሰማል።

“በጀት ምንድን ነው?” አለ ከሽማግሌዎቹ አንዱ።

“የመንግሥት ገንዘብ” አልሁት።

“ተጨማሪ ነው ያለው?”

“ተጨማሪ።”

“ድልድዩ ነዋ። ድሮ አልነበረም፣ አሁን ተጨመረ።”

ወዲያው አዳራሹ ውስጥ ያለው ሁሉ እጁን አነሣ። የእኛም ሰው አነሣ። ብብቱ ምንም አልያዘውም። “አነሣ፣ አነሣ፣ ዝም በሉ” ተባለ። ሻይ ቤቱ ጸጥ አለ፤ ኳስ ሊያዩ የመጡት ልጆችም ጭምር። ከዚያ ሁሉም እጃቸውን አወረዱ።

“ለምን አወረደው? ገና መች ተናገረ?”

“ሁሉም እኩል ልናገር ካሉ፣ ሰውዬው ማንን ያስቀድም?” አለ ሌላው።

አፈ ጉባኤው የሚቃወም እንዳለ ጠየቀ። ማንም የለም። ታላቁ ሽማግሌ ይህን ሲሰሙ ባርኔጣቸውን አወለቁ። “የቀረው አለ ወይ ተብሎ ተጠየቀ። ሁሉም ዝም አለ። አለቀ” አሉ።

ባለ ሻይ ቤቷ ብርጭቆ እያነሣች፣ “ስለ ድልድዩ መሆኑን በምን አወቁ አባቴ?” አለቻቸው።

“ታዲያ እሱ ሌላ ምን ይዞ ሄደ?”

ብርጭቆዎቹን ይዛ ሄደች። እኔም አመንሁ። በዚያ ቀን ሥራ ሳልሠራ ዋልሁ።

እነሱ አገራቸው ሲመለሱ እንደ ልማዱ ወደ ሥራው ገቡ። መንግሥት ሲሚንቶና ብረት ያመጣል፣ ድንጋይ ግን ከእኛ ነው ተባባሉ። ወንዙ ቀንሶ ስለነበር ማዶም ወዲህም ያለው ሰው ከየተራራው ድንጋይ ያመጣ ጀመር። ወንዶቹ ትልልቁን በቃሬዛ፣ ሴቶቹ መካከለኛውን በጀርባቸው፣ የሰንበት ተማሪዎቹ ትንንሹን እየዘመሩ። እኔ ወገቤ ድንጋይ ስለማይችል ከማዳበሪያ ጆንያ መሸከሚያ ሰፍቼ ሰደድሁላቸው። በኋላም ራሴ ሄጄ አየሁ። በሁለቱም ዳር ከሰው ቁመት በላይ ተከምሯል፤ ከብት እንዳያፈርሰው እሾህ አጥረውበታል። ልጄ ሕፃኗን ጥላ ሥር አስቀምጣ ትሸከም ነበር። ላቧን እየጠረገች፣ “አባ፣ በመጪው ክረምት መድኃኒቱን ቤቴ ድረስ ነው የምታመጣልኝ። ዶሮ አርድልሃለሁ” አለችኝ። ከተዳረች ወዲህ እንደዚያ ቀን ደስ ብሏት አላየሁም።

መምህሩ መጋቢት መጨረሻ ላይ መጣ። የምክር ቤቱ ስብሰባ ሲበተን ተወካዮቹ ወደ መረጣቸው ሕዝብ ወርደው ምን አላችሁ ብለው ይጠይቃሉ፤ ሕጋቸው ነው። ነቀምቴ አድሮ ስለነበር አብሬው ተሳፈርሁ። ስለ ድንጋዩ አልነገርሁትም፤ የሚያውቅ መስሎኝ ነው፤ ሥራው የእሱ ነው ብዬ ነው ያሰብሁት። ከወንዙ ስንደርስ ቆመና አየው።

“ምን ሊሠሩ ነው?” አለኝ።

“ያንተን ድልድይ ነዋ።”

የሚስቅ መሰለኝ። ዞር ብዬ ሳየው አይስቅም። ድንጋዩ ላይ ቁጭ አለ። መነጽሩን አወለቀ፣ ጠረገው፣ እንደገና አደረገው። ከማዶ ሰዎች አይተውት እየሮጡ ወረዱ። “ባርሲሳ መጣ” እያሉ ተሻገሩና አቀፉት። ቤቱ ሳይገባ በቀጥታ ወደ ዋንዛው ሄድን።

ተነሥቶ ነገራቸው። ድልድዩ አልተፈቀደም፣ ጭራሽም አልተነሣም አላቸው። ሰዉ መጀመሪያ የሚቀልድ መሰለው።

“እጅህን ስታነሣ በዓይናችን አየን” አሉ ታላቁ ሽማግሌ።

“ለበጀቱ ነው ያነሣሁት አባቴ። እዚያ እጅ ማንሣት መስማማት ነው፣ ልናገር ማለት አይደለም።”

“በበጀቱ ውስጥ ድልድዩ አለ?”

“የለም።”

“ከሌለ በምን ተስማማህ?”

“በውስጡ የመምህራን ደመወዝ አለ። የሆስፒታል መድኃኒት አለ። የዘር፣ የማዳበሪያ አለ። ተነጣጥሎ አይቀርብም፣ ሁሉም እንዳለ ነው የሚቀርበው። አልፈልግም ካልሁ ያንንም አልፈልግም ማለቴ ነው።”

“አንተስ ከመስማማትህ በፊት አልተናገርህም?”

“ለመናገር ተመዝግቤ ነበር። ተራው ሳይደርሰኝ ሰዓቱ አለቀ ተባለ።”

“ሰዓቱ አለቀ?” አለ አንድ ገበሬ። “ታዲያ ነገ የለም?”

ማንም አልሳቀም። ሰውዬው ለመቀለድ ብሎ አልነበረም፤ የእውነት ነው የጠየቀው። እኔ ልጄን ፈለግሁ። ከሴቶቹ መካከል ተነሥታ እየሄደች ነበር። ሕፃኗ በጀርባዋ ላይ ወደ እኛ ዞራ ታየን ነበር።

ያን ዕለት ማታ መምህሩ ከእኔ ጋር አማቼ ቤት ራት በላ፤ በላ ከተባለ። እኔ ሁሉንም ነገር ቀስ ብዬ ጠየቅሁት፣ እሱም ልክ ለተማሪ እንደሚያስረዳ አስረዳኝ። በጀቱን የሚያዘጋጀው ካቢኔው ነው። ለእነሱ የሚደርሳቸው ወፍራም ጥራዝ ሆኖ ነው፤ በቋሚ ኮሚቴ ተከፋፍለው ያዩታል፣ ይጠይቃሉ፣ ኃላፊዎቹ ይመልሳሉ፣ ከዚያ ለጉባኤው ይቀርባል። ጉባኤው ላይ ከደረሰ በኋላ አንድ ድልድይ ሲጨመርበት አይቶ አያውቅም።

“ታዲያ የሚጨመረው የት ነው?” አልሁት።

“ከታች፣ ከወረዳ ተነሥቶ በዕቅድ ሲመጣ ነው። ወረዳ ሄድሁ። ከአቅማችን በላይ ነው፣ የዞን ነው አሉኝ። ዞን የክልል ነው አለ። የክልሉ ቢሮ ደግሞ፣ መንገዱ ከትልቁ አስፋልት ጋር ስለሚገናኝ የፌዴራል ሊሆን ይችላል፣ ይጠና አለኝ። ደግሞ ሌላም አለ፣ ኦቦ። ወንዙ ወሰን ነው። የድልድዩ አንድ እግር በእኛ ወረዳ፣ ሌላው በጎረቤት ወረዳ ነው የሚያርፈው። የዚያኛው ተወካይ ሌላ ሰው ነው፤ እሱን የላኩት ደግሞ ለውሃ ጉድጓድ ነው።”

“አነጋግረኸዋል?”

“አነጋገርሁት። ጥሩ ሰው ነው። እኔ ስለ ጉድጓዱ ልናገርለት፣ እሱም ስለ ድልድዩ ሊናገርልኝ ተስማማን። የእሱም ተራ አልደረሰውም።”

ልጄ ይህን ሁሉ ከጓዳ ትሰማ ነበር። ስትወጣ ለመምህሩ ውሃ ጨመረችለት። ምነው በተቆጣችው ብዬ ነበር።

መምህሩ በሚቀጥለው ስብሰባ ተናገረ። ይህን መመስከር አለብኝ። ሻይ ቤቱ ውስጥ ሆኜ ብቻዬን አየሁት፤ ሽማግሌዎቹ ጥሪ ብልክላቸውም አልመጡም። ሦስት ደቂቃ ነው የሚሰጠው። ስለ ወንዙ፣ ስለ ገመዱ፣ ስለ ጀሪካኑ ተናገረ። መድኃኒት የምትጠብቅ ሕፃን አለች አለ። አጠገቡ ያሉት አንገታቸውን ሲነቀንቁ አየሁ፤ አንዲት ሴትዮ አፏን በነጠላዋ ያዘች። ከዚያ ሌሎች ብዙ ሰዎች ስለየራሳቸው ወንዝና ጉድጓድ ተናገሩ፤ የሚገርመው፣ ሁሉም እውነታቸውን ነበር። በመጨረሻ አንድ ኃላፊ ተነሥቶ ለሁሉም በአንድ ላይ መለሰ። ጥያቄዎቹ የሕዝብ ጥያቄዎች ናቸው፣ አቅም በፈቀደ መጠን በቀጣይ ዕቅድ ይታያሉ አለ። ሰውዬው ክፉ አልነበረም። ድካም ይታይበት ነበር። ከዚያ እጅ ተነሣ፣ የመምህሩም ተነሣ።

“ኳሱን ላድርገው?” አለችኝ ባለ ሻይ ቤቷ።

“አድርጊው” አልሁ።

ሐምሌ ላይ መድኃኒቱን ይዤ ወንዙ ዘንድ ወረድሁ። ዝናቡ ሌሊቱን ሲወርድ አድሮ ውሃው ከወትሮው ሞልቷል። ሲባጎው ብዙ ጊዜ ተወርውሮ ደረሰ፤ ጀሪካኑን አሰርን፤ መካከል ላይ ሲደርስ ግንድ መጥቶ ገመዱን መታው። ገመዱ ተበጠሰ። ጀሪካኑ አንዴ ብቅ አለ፣ ሁለተኛ አላየሁትም። ማዶ ልጄ ክንዷን ዘርግታ ቆማ ነበር። ቀስ ብላ አወረደችው።

ነቀምቴ ተመለስሁ። ቀኑ ገና ነው፣ የወሩን ወስደሃል አሉኝ፤ ለመንሁ፣ አስረዳሁ፤ አንዲት ነርስ አዘነችልኝና ከየትም ፈልጋ ጥቂት ሰጠችኝ። ወደ ወንዙ ስመለስ ውሃው ገመድ አላስጥል አለ። ሁለት ቀን ወዲህ ባለው መንደር አደርሁ። በሁለተኛው ቀን ውሃው ጎደል ሲል ወረወሩልን፣ አሻገርን። ማዶ የመጣው አማቼ ብቻ ነበር። በእጁ ወደ ክንዱ እያመለከተ ሊነግረኝ ሞከረ፣ አልገባኝም። የገባኝ መስከረም ላይ ነው። ሕፃኗ ምድጃ አጠገብ ሳለች ወድቃ የግራ ክንዷ ተቃጥሎ ነበር። ቁስሉ ሲድን ቆዳው ተሰብስቦ ክርኗን አጥፎ ያዘው።

ውሃው እንደቀነሰ ልጄ ራሷ ነቀምቴ ይዛት መጣች። የልጅቷን ልብስ ሁሉ አጥባ፣ አጥፋ፣ በአንድ ዘንቢል አድርጋው ነበር። እኔና ባለቤቴ ዘንቢሉን ስናየው ገባን።

“እዚህ ትሁን፣ አባ” አለች። “መድኃኒቱ እዚህ ነው ያለው።”

“አንቺም እዚሁ ሁኚ” አለቻት እናቷ።

“መሬቱንስ? እሱንስ? ማል ጎና?” ምን እናድርግ ማለቷ ነው። በዚያ ሰሞን ይህን ቃል ከሁሉም ሰው አፍ እሰማው ነበር፤ ማንም መልስ ፈልጎ አይለውም።

ሳምንት ሰንብታ ሄደች። ልጅቷ ያኔ ሦስት ዓመቷ ነበር። ለጥቂት ቀን በር በሩን እያየች አለቀሰች፤ ከዚያ የስፌት መኪናዬ ሥር ቁራጭ ጨርቅ መልቀም ለመደች።

አንድ ቀን መምህሩ ወደ ስብሰባው ሲያልፍ ሊጠይቀኝ ቆመ። ልጅቷን አየ። ክንዷን አየ።

“ያቺ ናት?” አለኝ።

“ያቺ ናት።”

በርጩማው ላይ ተቀመጠ። ከዚያ፣ “ኦቦ፣ ልተወው ነው። ተመልሼ ላስተምር” አለ። ብትተው ማን ይገባል አልሁት። የማሟያ ምርጫ ይደረጋል አለኝ፤ ግን አካባቢው ሰላም ሲሆን ነው። እስከዚያ ወንበሩ ባዶ ይሆናል። ስለ ሰላሙ እዚህ ብዙ አልጽፍም፤ ወለጋ ያለ ሰው ያውቀዋል። መምህሩ ተነሥቶ አውቶቡሱን ያዘ። ኮቱ ክርኑ ላይ ሳስቷል፤ ልጣፍልህ ማለቱ የታወሰኝ ከሄደ በኋላ ነው። አሁንም ተወካይ ነው። አሁንም ይናገራል፣ አሁንም ጥያቄውን ይመዘግቡለታል። ሽማግሌዎቹ ግን ስለ ምንም ነገር አይልኩትም፣ አይወቅሱትምም። ሲመጣ ቤቱ ይገባል።

በዚያ ዓመት ልጄ በገና ትመጣለች ብለን ነበር፤ በጋውን መንገዱ ተዘጋ። መጋቢት ላይ ይከፈታል ተባለ፣ አልተከፈተም። ሰኔ ገባና ወንዙም ራሱ ዘጋው። ስልክ ሲሠራ እንደውላለን፤ ልጅቷ ስልኩን ጆሮዋ ላይ ይዛ ትንፋሿን ብቻ ታሰማታለች፣ ከዚያ ትሰጠኛለች። ባለቤቴን እማ ማለት ጀመረች። እኛ አላስተማርናትም። ባለቤቴ መጀመሪያ አታርማትም ነበር እንዳልል፣ ታርማት ነበር፤ በኋላ ተወችው።

ልጄ የመጣችው ሁለተኛው መስከረም ላይ ነው። ጠዋት ሥራ ላይ ነበርሁ፤ ልጅቷ እንደ ልማዷ ከስፌት መኪናው ሥር ናት። ልጄን ከመንገዱ ማዶ ቆማ አየኋት፤ ከስታለች፣ ማር ያለበት ባልዲ ይዛለች። ባልዲውን መንገዱ ላይ ጥላ መጣች። ልጅቷ ሰው መምጣቱን አይታ ብድግ አለችና ከኋላዬ ሸሸች፤ በደኅናው እጇ ሱሪዬን ጨምድዳ ያዘች።

“እናትሽ ናት” አልኋት።

አልወጣችም። ላወጣት ብሞክር ይብሱን ተጠጋችኝ። ልጄ የዘረጋችውን እጇን ሰበሰበችው። እኔ የስፌቱን ክር እፈታለሁ፣ እቋጥራለሁ፤ ምን እንደምሠራ አላውቅም። ልጄ አላለቀሰችም። ደረጃው ላይ ቁጭ አለች፣ ነጠላዋን አስተካከለች፣ ፊቷን ወደ ገበያው አዞረች።

ከዚያ ሳትዞር፣ “የጠዋቱን ውጣለች?” አለችኝ።

“ውጣለች” አልሁ።

“የማታውን ዛሬ እኔ ልስጣት?”

“ስጫት” አልኋት። “ከእጅሽ ከተቀበለች።”